የጋይንት መሪጌቶች የጨረቃ ሒሳብና የሳተላይት መንገድ

በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ እዚያው ያለው ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና መዋሥዕት። ከእነዚህ ጉባኤ ቤቶች የሚወጣ መሪጌታ ዜማውን በየወቅቱ ለይቶ ማድረስ ስላለበት፣ የዐቢይ ጾሙ ዜማ ጾመ ድጓ የሚጀመርበትን ቀን አስቀድሞ ማወቅ ግድ ይለዋል። ቀኑን የሚያገኘው በባሕረ ሐሳብ ነው፤ ትውፊት ቀመሩን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል።

ሥሌቱ የቆመው 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር በመገጣጠሙ ላይ ነው። ለ2018 ዓ.ም. ከክርስቶስ ልደት በፊት ተብሎ በሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 2018 ሲደመር 7518 ይመጣል፤ ለ19 ተካፍሎ 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ ተማሪው ተሳስቷል። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18፣ እሑድ ይውላል። የእሑድ ተውሳክ 7 ሲታከልበት መባጃ ሐመሩ 25 ይሆናል፤ ነነዌ ጥር 25፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 4።

ዑደቱ በ532 ዓመት ስለሚመለስ፣ በቃል ያጠና ሰው ያለ አንዳች መሣሪያ የሚመጣውን መቶ ዓመት በዓላት ቀን ይናገራል። እርግጥ የቁጥሩ ጨረቃ ከሰማይዋ ጨረቃ በ300 ዓመት አንድ ቀን ያህል ወደኋላ ትቀራለች። ዓላማው በዓሉን ሁሉም በአንድ ቀን እንዲያከብረው ነውና ይህ ጉድለት ሊባል አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክ ሲመጥቅ ግን እንዲህ በዑደት የማይያዝ አካል ሰማይ ላይ ወጣ። የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን የሥነ ፈለክ ተቋም ሳተላይቶችን በከዋክብት መካከል የሚያነሡ ቤከር-ነን የተባሉ ግዙፍ ካሜራዎችን በየአገሩ ተከለ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንዱ ደብረ ዘይት ቆመ። ከፎቶው የሳተላይቷ ቦታ ይለካል፤ ከብዙ ልኬት መንገዷ ይሠላል። ያም ሆኖ ዝቅ ብላ የምትዞር ሳተላይት ስስ አየር ያዘገያታል፤ የፀሐይ እንቅስቃሴ ሲበረታ አየሩ ሞቆ ወደ ላይ ስለሚያብጥ መጎተቱ ይብሳል። የተሰበረ የሮኬት ቁራጭ ደግሞ ቅርጹና ክብደቱ በትክክል ስለማይታወቅ ይበልጥ ያስቸግራል። ስለዚህ ትንበያው በቀናት ውስጥ ያረጃል።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 የምትዞረው ከምድር 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበር፤ የምድር ጣቢያዋም እንጦጦ ላይ ተተክሏል። የእሷም መንገድ በየጊዜው እየተለካ እንደገና መሠላት ነበረበት።