የባሌ ግግር በረዶ፦ ካርታው ያሳየውና የደበቀው

ልደታ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ፣ ደረጃ ስትወጡ ፎቆቹን ቁጠሩ። አንድ ፎቅ 3 ሜትር ገደማ ነው፤ አራት ፎቅ ብትወጡ 12 ሜትር። የመሬት ከፍታ በሚያሳዩ ካርታዎች ላይ የምታዩዋቸው ቡናማ ጥምዝ መስመሮች ኮንቱር ይባላሉ። እያንዳንዱ መስመር እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያገናኛል። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት 20 ሜትር ከሆነ፣ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ለመድረስ ሰባት ፎቅ ያህል መውጣት አለባችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ የሚያክል የድንጋይ ክምር በሁለት መስመሮች መካከል ገብቶ ካርታው ላይ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ይህቺን ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ትጠቅመናለች።

አሁን ወደ ባሌ እንሂድ። ሳኔቲ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሰፊ አምባ ነው። ቱሉ ዲምቱ ደግሞ እዚያው ላይ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ዛሬ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይመታዋል፣ አንዳንዴም በረዶ ይለብሳል፤ ግን ብዙም አይቆይም፣ ይቀልጣል። በአንድ ወቅት ግን ከባሌ ተራሮች 265 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህሉ በግግር በረዶ ተሸፍኖ ነበር። የአዲስ አበባን ግማሽ በሉት።

ግግር በረዶ ስል ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ማለቴ አይደለም። አማርኛችን ለዚያም፣ እንደ ባዘቶ ለስላሳ ሆኖ ለሚወርደውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ላለውም "በረዶ" ስለሚል ነገሩ ይምታታል። ግግር በረዶ የሚፈጠረው የሚጥለው ከሚቀልጠው በልጦ፣ ዓመት በዓመት ላይ እየተደራረበ በራሱ ክብደት ታምቆ ሲጠጥር ነው። በደንብ ሲወፍር በዝግታ ቁልቁል መፍሰስ ይጀምራል። መሬት የሚቀርጸው ይሄ ተንቀሳቃሹ ነው።

ልዩነቱ ታሪክ ለማንበብም ያስፈልጋል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አዱሊስ ላይ ያገኘውን የግሪክኛ የድንጋይ ጽሑፍ ገልብጦ አቆይቶልናል። ስሙ ያልተጠቀሰ፣ ብዙዎች የአክሱም ነው የሚሉት ንጉሥ ድሎቹን የዘረዘረበት ነው። ካስገበራቸው መካከል የስሜን ተራሮች ሰዎች አሉበት፤ እዚያ ያለው በረዶ ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚውጥም ይናገራል። ይህን አንብቦ "አክሱማውያን ግግር በረዶ አይተዋል" ማለት ያጓጓል። እኔ አልቀበለውም። ጽሑፉ በተቀረጸበት ዘመን የአገራችን ግግር በረዶ ቀልጦ ካለቀ ብዙ ሺህ ዓመታት አልፈው ነበር። ወታደሮቹን ያስቸገራቸው የሚጥልና የሚቀልጥ በረዶ ነው መሆን ያለበት።

ታዲያ የጽሑፍ ምስክር የሌለው ነገር በምን ታወቀ? በተወው ቅርጽ።

ወንዝ ታች ታቹን ስለሚቆርጥ የሸለቆው ወለል ጠባብ፣ እንደ ግማሽ የተከፈተ መጽሐፍ ይሆናል። ካርታ ላይ ኮንቱሮቹ ወደ ወንዙ መነሻ አቅጣጫ ሹል ሆነው ይታጠፋሉ። ግግር በረዶ ግን ወለሉንም ጎኑንም አብሮ ስለሚፍቅ የሚተወው ሸለቆ እንደ ገንዳ ነው፦ ኮንቱሮቹ ሁለቱ ጎኖች ላይ ይጠባበቃሉ፣ መሃል ላይ ይራራቃሉ፣ መታጠፊያቸውም ክብ ነው። ሸለቆው ራስ ላይ ደግሞ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የተደረደሩ መስመሮች ካያችሁ፣ በረዶው ተቀምጦ የቦረቦረው ጎድጓዳ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ሞሬን ነው፤ በረዶው እየገፋ አምጥቶ ጫፉና ጎኑ ላይ ጥሎት የሄደው ክምር። መሐንዲስ ከወንፊት አይለይምና በወንፊት ላስረዳችሁ። ወንዝ ድንጋይን በመጠኑ ይለያል፤ አሸዋው አንድ ቦታ፣ ጠጠሩ ሌላ ቦታ። በረዶ ግን ምንም አይለይም፤ ዱቄት የመሰለ አፈርና ቤት የሚያክል ድንጋይ አንድ ላይ ይደፋል። ችግሩ ብዙ ሞሬኖች ከፍታቸው ጥቂት ሜትር መሆኑ ነው። ያ አራት ፎቅ ትዝ አላችሁ? ካርታው ሸለቆውን እያሳየ፣ ሸለቆውን ማን እንደሠራው የሚመሰክረውን ክምር ይደብቃል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ቶጎናን የመሳሰሉ የባሌ ሸለቆዎችን በእግራቸው መዞር ነበረባቸው።

ዕድሜውንም ያገኙት ከሞሬኖቹ ድንጋዮች ነው። በረዶው ጥሏቸው ሲሸሽ ድንጋዮቹ ለሰማይ ይጋለጣሉ፤ ከጠፈር የሚመጡ ጨረሮች ይመቷቸውና ክሎሪን-36 የሚባል አቶም ቀስ በቀስ ይጠራቀምባቸዋል። የተጠራቀመውን መለካት የተጋለጡበትን ጊዜ መቁጠር ነው። ውጤቱ የሚገርም ነበር። የባሌና የአርሲ በረዶ በጣም የሰፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ነው፤ የሰሜኑ ዓለም ታላላቅ የበረዶ ንጣፎች ግን ጫፍ የደረሱት ከ21,000 ዓመት በፊት ገደማ። የእኛ ቀድሟል ማለት ነው! የምድር ወገብ አካባቢ ተራሮች የአውሮፓን ሰዓት ጠብቀው አይቀዘቅዙም።

ያኔ ሰው ነበር እንዴ? ነበር እንጂ። 3,469 ሜትር ላይ ባለው ፊንጫ ሀበራ የተባለ የዋሻ መጠለያ ውስጥ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይመላለሱ ነበር፤ ጥናቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የባሌን ትልቁን ፍልፈል እየጠበሱ በልተዋል። ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ባልጩት 4,200 ሜትር ገደማ ድረስ ወጥተው፣ ግግሩ አጠገብ ያመጡ ነበር። የመጠጥ ውኃቸው የበረዶው ቅላጭ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ጥንቃቄ ግን። ቅርጽ ሁሉ የግግር በረዶ ሥራ አይደለም። የስሜን አስደንጋጭ ገደሎች በዋናነት ውኃ የቆረጣቸው የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ናቸው። ሳኔቲ ላይ እስከ 1,000 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ስፋት ያላቸው የድንጋይ ረድፎች አሉ፤ እነሱን ደግሞ የደረደራቸው እየቀዘቀዘ የሚያብጥ፣ እየሞቀ የሚሟሽሽ መሬት ነው ተብሎ ይታሰባል።

ዛሬ አፍሪካ ውስጥ ግግር በረዶ የቀረው ኪሊማንጃሮ፣ ኬንያ ተራራና ሩዌንዞሪ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም እያለቀ ነው። የኬንያው ሉዊስ ግግር በረዶ ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተደጋግሞ ካርታ ስለተነሳለት ካርታዎቹን ብትደራርቧቸው ሲያንስ ታዩታላችሁ። የባሌውን እንዲህ የተከታተለው የለም። ግን ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳኔቲን አቋርጦ ያልፋል። በመኪና ካለፋችሁ፣ ወንዝም ገደልም በሌለበት ብቻውን የተቀመጠ ትልቅ ድንጋይ ስታዩ ማን እንዳመጣው ጠይቁ።