ዳትሰን 240ዚ እና የዳገት ውድድር

ዳትሰን 240ዚ የጃፓኑ ኒሳን ኩባንያ በ1969 መጨረሻ ለገበያ ያቀረበው ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ነው። በጃፓን «ፌርሌዲ ዚ» ተብሎ ይሸጥ ነበር፤ በፋብሪካው ውስጥ የነበረው መለያ ኮድ ደግሞ ኤስ30 ነው። ዛሬ ከ50 ዓመት በላይ ያስቆጠሩት እነዚህ መኪናዎች በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በአውስትራሊያና በጃፓን በባለቤቶቻቸው እየታደሱ በጥንታዊ መኪናዎች ውድድር ይሳተፋሉ። ከነዚህ ውድድሮች አንዱ የዳገት ውድድር ነው። በዳገት ውድድር መኪናዎች ተሰልፈው አብረው አይሮጡም። አንድ በአንድ እየተነሡ፣ ለሌላ ተሽከርካሪ የተዘጋውን ጠመዝማዛ አቀበት በአጭር ሰዓት ለመጨረስ ይፎካከራሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመኪናው አጭር መግለጫ (ለአሜሪካ ገበያ የቀረበው)

- ሠሪ፦ ኒሳን፣ ጃፓን
- ሞተር፦ ኤል24፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ፣ 2,393 ሲሲ
- የሲሊንደር ስፋትና የፒስቶን ምት፦ 83 ሚሊሜትር በ73.7 ሚሊሜትር
- ጉልበት፦ 151 የፈረስ ጉልበት (በጊዜው የአሜሪካ አለካክ)
- ካርቡረተር፦ ሁለት ሂታቺ
- ፍሬን፦ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር
- ክብደት፦ አንድ ቶን ገደማ
- የመጀመሪያ ዋጋ፦ 3,526 የአሜሪካ ዶላር

ታሪክ

በ1960ዎቹ የጃፓን መኪናዎች በአሜሪካ ገበያ የሚታወቁት በዋጋቸው ርካሽነት እንጂ በፍጥነታቸው ወይም በውበታቸው አልነበረም። የኒሳን የአሜሪካ ሥራ ኃላፊ የነበረው ዩታካ ካታያማ (1909–2015) ይህን ስም ለመቀየር አንድ ጥሩ የስፖርት መኪና እንደሚያስፈልግ ዋናውን መሥሪያ ቤት ደጋግሞ ይወተውት ነበር። የመኪናውን ቅርጽ የነደፈውን ቡድን የመራው ዮሺሂኮ ማትሱኦ ነው። ረጅሙ ኮፈን፣ ወደ ኋላ የተገፋው መቀመጫና ተዳፋት ሆኖ የሚወርደው ጣሪያ የመኪናው መለያዎች ሆኑ።

«ፌርሌዲ» የሚለው ስም የኒሳን ፕሬዚዳንት የነበሩት ካትሱጂ ካዋማታ ከወደዱት «ማይ ፌር ሌዲ» ከተባለው የሙዚቃ ቴአትር የመጣ ነው። ካታያማ ግን ስሙ ለአሜሪካ የስፖርት መኪና ገዢ አይስማማም ብሎ አስነቅሎ 240ዚ የሚል ምልክት እንዲለጠፍ አደረገ። ቁጥሩ የሞተሩን 2.4 ሊትር መጠን ያመለክታል።

መኪናው በ1974 በ260ዚ ተተካ። በ1975 ደግሞ ካርቡረተሩ ቀርቶ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ መርፌ የሚረጭለት 280ዚ በአሜሪካ መሸጥ ጀመረ። የኤስ30 ምርት በ1978 ሲያበቃ ከ500,000 በላይ መኪናዎች ተሠርተው ነበር። ዛሬ መለዋወጫ እንደልብ የሚገኘውና መኪናው ለእድሳት የሚመረጠው አንድም በዚህ ብዛቱ ምክንያት ነው።

በውድድር ያተረፈው ስም

መኪናው ገና በአዲስነቱ ለአፍሪካ ቅርብ የሆነ ታሪክ አለው። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ይካሄድ የነበረውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በ1971 ኤድጋር ኸርማንና ሃንስ ሹለር በ240ዚ አሸነፉ። በ1973 ደግሞ ሼካር ሜህታና ሎፍቲ ድሩስ በዚሁ መኪና ድሉን ደገሙት። በ1972 የሞንቴ ካርሎ ራሊ ራውኖ አልቶነንና ዣን ቶድ በ240ዚ ሦስተኛ ሆነው ጨርሰዋል። በአሜሪካ የፒት ብሮክ ቡድን ሾፌር ጆን ሞርተን በ1970 እና በ1971 የ«ሲ ፕሮዳክሽን» ምድብ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ።

የዳገት ውድድር ምንነት

የዳገት ውድድር ከመኪና ስፖርት ሁሉ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው። በእንግሊዝ የሚገኘው ሼልስሊ ዎልሽ ከ1905 ጀምሮ በዚያው በመጀመሪያው መንገድ ላይ ውድድር የሚካሄድበት ስፍራ ነው። ርዝመቱ 914 ሜትር (1,000 ያርድ) ብቻ ነው፤ ፈጣኖቹ የውድድር መኪናዎች ከ23 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። በዚህ አጭር መንገድ አንድ የተበላሸ ማርሽ ወይም አንድ ዘግይቶ የተረገጠ ፍሬን የሩጫውን ውጤት ይወስናል።

በሌላው ጫፍ ያለው በአሜሪካ ኮሎራዶ የሚካሄደው የፓይክስ ፒክ ውድድር ነው። የተጀመረው በ1916 ሲሆን ርዝመቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ኩርባዎቹም 156 ናቸው። መነሻው ከባሕር ወለል በላይ 2,862 ሜትር ላይ ነው፤ ይህም ከአዲስ አበባ በ500 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። መጨረሻው 4,302 ሜትር ላይ ሲሆን ከራስ ዳሽን ጫፍ ብዙም አያንስም። መንገዱ ለረጅም ዘመን ጠጠር ነበር፤ ሙሉ በሙሉ አስፋልት ሆኖ ውድድሩ የተካሄደበት ከ2012 ጀምሮ ነው።

በብሪታንያ ልማድ መኪናው ወደ መነሻው መሥመር ሲደርስ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት አንድ ሠራተኛ ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ሾፌሩ በፈለገው ቅጽበት ይነሣል፤ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መኪናው የብርሃን ጨረሩን ሲያቋርጥ ነው። ለዚህም ሲባል በመኪናው ፊት ለፊት ቀጥ ያለ ጥቁር ሰሌዳ ይታሰራል። የመጀመሪያዎቹ 64 ጫማዎች (19.5 ሜትር) ለብቻቸው ይለካሉ። ይህ ቁጥር ሾፌሩ አነሣሡ ጥሩ መሆኑንና ጎማው መንገዱን መያዝ አለመያዙን ይነግረዋል።

እድሳት

የ240ዚ ዋነኛ ጠላት ዝገት ነው። መኪናው ለብቻው የሚነቀል ሻንሲ የለውም፤ ወለሉ፣ ግድግዳውና ጣሪያው አንድ ላይ ተበይደው ክብደቱን ይሸከማሉ። ስለዚህ ላሜራው ሲበላ የሚጎዳው መልኩ ብቻ አይደለም፤ ጥንካሬውም ይወድቃል። በተለይ የሚመረመሩት ቦታዎች የሚከተሉት ናቸው፦

- ከወለሉ ሥር በርዝመት የሚያልፉት ተሸካሚ ብረቶች
- የባትሪው መደብና ከሥሩ ያለው ብረት፣ የባትሪ አሲድ ስለሚንጠባጠብበት
- ከበሩ በታች ያለው ደፍና ከበሩ ኋላ ያለው ጥግ
- የኋላ ጎማ ቅስቶችና የትርፍ ጎማው ጉድጓድ
- የፊት መስታወቱ ሥር፣ ውሃ የሚቋጠርበት

ልምድ ያለው አዳሽ መኪናውን ከመግዛቱ በፊት ማግኔት ይዞ በነዚህ ቦታዎች ላይ ያሳልፋል። ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው ማለት ነው። አንጸባራቂ አዲስ ቀለም ብዙ ጊዜ የበሰበሰ ወለልን ይሸፍናል። በአንጻሩ ሞተሩ የማይነሣ ነገር ግን ላሜራው ጤነኛ የሆነ መኪና የተሻለ ግዢ ነው፤ ሞተር ከብረቱ አካል ይልቅ በቀላሉ ይጠገናልና።

ሥራው የሚጀምረው መኪናውን ሙሉ በሙሉ በመፍታትና እያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ አንሥቶ ምልክት በማድረግ ነው። ከዚያ ቀለሙ ይፋቃል። አሸዋ በግፊት መርጨት ለወፍራም ብረት ይሆናል፤ እንደ ኮፈንና በር ባሉ ሰፋፊ ስስ ላሜራዎች ላይ ግን ሙቀቱና ግፊቱ ብረቱን ያጣምማል፤ ስለዚህ በኬሚካል ወይም ለስለስ ባለ ዘዴ ይጸዳሉ። የበሰበሰው ብረት እስከ ጤነኛው ድረስ ተቆርጦ አዲስ ይበየዳል። የወለሉ ብረቶች በሚቀየሩበት ጊዜ መኪናው በልኩ ተደግፎ መቀመጥ አለበት። ያለዚያ አካሉ ይጣመምና በሮቹ አይገጥሙም፤ ጎማዎቹም ቀጥ ብለው አይቆሙም።

የኤል24 ሞተር ጠንካራና ለመሥራት ቀላል በመሆኑ የታወቀ ነው። ብሎኩ ከብረት፣ ቴስታታው ከአሉሚኒየም የተሠራ ሲሆን በላይ ያለውን አንድ ካም ሻፍት ሰንሰለት ያዞረዋል። የመለኮሻ ቅደም ተከተሉ 1-5-3-6-2-4 ነው። በእድሳት ጊዜ ቴስታታው በሙቀት ተጣምሞ እንደሆነ በቀጥ ማስመሪያ ይፈተሻል፤ ብሎኩም ይለካል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የቫልቭ ክፍተቱ ለአየር ማስገቢያው 0.20፣ ለጭስ ማስወጫው 0.25 ሚሊሜትር ይደረጋል። በ1973 የተገጠሙት ጠፍጣፋ አናት ያላቸው ካርቡረተሮች በሙቀት ጊዜ ስለሚያስቸግሩ ብዙ ባለቤቶች በቀደሙት ባለ ክብ አናት ካርቡረተሮች ይተኳቸዋል።

ለዳገት ማዘጋጀት

የታደሰ መኪና ሁሉ ለውድድር ዝግጁ አይደለም። ዳገት የሚጠይቀው ከፍተኛ ፍጥነትን ሳይሆን ከቆመበትና ከኩርባ ሲወጣ የሚሰጥ ጉልበትን ነው።

ሞተር። ከተለመዱት ለውጦች አንዱ ሁለቱን ካርቡረተሮች አንሥቶ ሦስት ባለ ሁለት አፍ ዌበር ወይም ሚኩኒ መግጠም ነው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ አፍ ይደርሰዋል። ሌላው የሞተሩን መጠን ማሳደግ ነው። የኤል28 ብሎክ ወደ 89 ሚሊሜትር ተስፍቶ የናፍጣው ኤልዲ28 ሞተር 83 ሚሊሜትር ምት ያለው ክራንክ ሻፍት ሲገባበት 3.1 ሊትር ያህል ይሆናል። በረጅም ኩርባ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ሸሽቶ ፓምፑ አየር እንዳይስብ በዘይት ማጠራቀሚያው ውስጥ ከፋይ ላሜራ ይበየዳል።

ማርሽና ዲፈረንሻል። ለአሜሪካ የቀረበው መኪና ባለ አራት ማርሽ ሲሆን የዲፈረንሻሉ ምጣኔ 3.36 ነበር፤ ይህ ለአውራ ጎዳና እንጂ ለዳገት አይመችም። 3.9 የሆነ ምጣኔ ከአምስት ማርሽ ካምቢዮ ጋር ሲገጠም መኪናው ቶሎ ይነሣል። ተራ ዲፈረንሻል በጠባብ ኩርባ ላይ ጉልበቱን ክብደት ወደሌለበት የውስጥ ጎማ ስለሚልከው፣ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እንዲገፉ የሚያደርግ ዲፈረንሻል ይገጠማል።

ፍሬን። ከሚታወቁት ማሻሻያዎች አንዱ ባለ አራት ፒስቶኑን የቶዮታ ባለ አራት ጎማ ግፊት ፒክአፕ የፊት ፍሬን ያዥ በ240ዚ ላይ ማሰር ነው፤ በጥቂት ማስተካከያ ይገጥማል። በዳገት ላይ ፍሬን ከቁልቁለት ያነሰ ቢሠራም መኪናው ወደ ኩርባው የሚገባበት ፍጥነት የሚወሰነው ሾፌሩ በፍሬኑ ላይ ባለው እምነት ነው።

ጎማ። በአጭር ዳገት ጎማው ለመሞቅ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ቀዝቃዛ ሆኖም መንገዱን የሚይዝ ለስላሳ ጎማ ይመረጣል፤ ለረጅም ውድድር የተሠራ ጠንካራ ጎማ እዚህ ያንሸራትታል።

ከፍታ። አየር ሲሳሳ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው መጠን ይደክማል። በፓይክስ ፒክ ጫፍ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ሲሶ ያህል ያንሳል። በባሕር ወለል 151 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር እዚያ ወደ 100 ይወርዳል ማለት ነው። ካርቡረተሩ በአየሩ ልክ ነዳጁን ስለማይቀንስ ድብልቁ በነዳጅ ይበዛል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላውም ይቆሽሻል። ስለዚህ ለከፍታው ተብሎ ነዳጁ ይቀነሳል። ከቆላ ወደ ደጋ በካርቡረተር መኪና የወጣ ሾፌር ሁሉ ይህን ድካም ያውቀዋል።

ደህንነትና ደንብ

በዳገት ውድድር ከመንገዱ ዳር ዛፍ፣ ድንጋይ ወይም ገደል አለ፤ እንደ ውድድር ሜዳ ሰፊ መሸሻ የለም። በ2019 በፓይክስ ፒክ ሞተር ሳይክል ነጂው ካርሊን ደን ከመጨረሻው መሥመር አቅራቢያ ወድቆ ሕይወቱ አልፏል፤ ከዚያ በኋላ ሞተር ሳይክሎች ከውድድሩ ወጥተዋል።

በ1970 የተሠራ መኪና የዛሬው መኪና ያሉት የግጭት መከላከያዎች የሉትም። በመሆኑም እንደ ምድቡና እንደ አገሩ ደንብ የብረት መከላከያ ቀፎ፣ የውድድር መቀመጫና ቀበቶ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ኤሌክትሪኩን ከውጭ የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የራስ ቁርና እሳት የሚቋቋም ልብስ ይጠየቃሉ። በዓለም አቀፍ የጥንታዊ መኪና ውድድር ደግሞ የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን (ፊያ) መኪናው በዘመኑ በነበረው አሠራር መዘጋጀቱን የሚያረጋግጥ የቴክኒክ ፓስፖርት ይጠይቃል። በዘመኑ ያልነበረ ዕቃ የገጠመ መኪና በብሔራዊ ወይም በክለብ ውድድር ክፍት በሆነ ምድብ ሊሳተፍ ይችላል እንጂ በዚህ ምድብ አይገባም።

በመጠበቅና በመወዳደር መካከል ያለው ክርክር

የ240ዚ ዋጋ ማሻቀቡ በባለቤቶች መካከል ክርክር አስነሥቷል። በ2020 መጀመሪያ አንድ እምብዛም ያልተነዳ የ1971 ሞዴል 240ዚ በአሜሪካ በ310,000 ዶላር ተሸጧል። አንደኛው ወገን ከፋብሪካ በወጣበት ሁኔታ ያለ መኪና ታሪካዊ ሰነድ ስለሆነ ፓራፋንጎውን መቁረጥና አካሉን ለቀፎ መብሳት ሊመለስ የማይችል ጥፋት ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ መኪናው ስሙን ያገኘው በሳፋሪ አቧራና በውድድር ሜዳ ስለሆነ ቆሞ የሚታይ ዕቃ ማድረግ ትርጉሙን ያሳጣዋል ብሎ ይከራከራል።

ብዙዎች የሚከተሉት መንገድ በሁለቱ መካከል ያለ ነው። ሙሉና ያልተነካ መኪና እንዳለ ይጠበቃል፤ ለውድድር የሚመረጠው ግን ቀድሞውንም ሞተሩ የተቀየረ ወይም በዝገት የተጎዳ አካል ነው። የተነቀሉት ኦሪጅናል ዕቃዎች አይጣሉም፣ ምልክት ተደርጎባቸው ይቀመጣሉ፤ አዲሶቹም በተቻለ መጠን በብሎን እንጂ በብየዳ አይገጠሙም። እንዲህ ከሆነ ቀጣዩ ባለቤት መኪናውን ወደ ቀድሞው መልኩ የመመለስ ዕድል ይኖረዋል።