ያለ ፈቃድ ከተፈጸመ ወሲባዊ ንክኪ በኋላ የብልት ሄርፒስ ተጋላጭነትና ምርመራ

የብልት ሄርፒስ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በቀጥታ የቆዳ ንክኪ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ነው። ቁስል በማይታይበት ጊዜም ሊተላለፍ ይችላል፤ በመጸዳጃ ቤት መቀመጫ ወይም በፎጣ ግን አይተላለፍም። ንክኪ ያጋጠመው ሰው ሁሉ በበሽታው ይያዛል ማለትም አይደለም።

ምልክቶቹ፣ ማለትም ማቃጠል፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታና የሚያም ቁስል፣ ሲከሰቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 12 ቀናት ውስጥ ይታያሉ። ቁስል ከወጣ ሳይደርቅ ናሙና ማሰጠት ይገባል። ቁስል ከሌለ በደም ምርመራ ይታያል፤ ሆኖም ውጤቱ አስተማማኝ እስኪሆን 12 ሳምንታትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ስለሚችል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚገኝ ነፃ ውጤት የመጨረሻ አይደለም።

የሄርፒስ ምርመራ ጊዜ ቢሰጥም ሌሎች አገልግሎቶች ጊዜ አይሰጡም። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓታት ውስጥ መጀመር፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም በ5 ቀናት ውስጥ መወሰድ አለበት፤ ሁለቱም በቶሎ ሲወሰዱ ይበልጥ ውጤታማ ናቸው። ስለሆነም ተጎጂዎች የሄርፒስ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ፣ ከተቻለም ሰውነታቸውን ሳይታጠቡና ልብሳቸውን ሳይቀይሩ፣ ወደ ጤና ተቋም ሊሄዱ ይገባል። የታጠቡም ሆነ የዘገዩ ተጎጂዎች ሕክምናና የምክር አገልግሎት ያገኛሉ።

ሄርፒስ ቫይረሱን ፈጽሞ የሚያጠፋ መድኃኒት ባይኖረውም፣ ሕመሙን የሚያቃልልና የቁስሉን ጊዜ የሚያሳጥር ሕክምና አለው።