ተራ፣ መጠሪያና መለያ፦ ስለ ዲስክ አሰያየም ታሪክ

ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ ያለችው የስናን ወረዳ ዋና ከተማ በጽሑፍ አንዳንዴ ሮብ ገበያ፣ አንዳንዴም ረቡዕ ገበያ ተብላ ትገኛለች። ረቡዕ ከግእዝ የቍጥር ቃል የወጣ ሲሆን ከእሑድ ሲቈጠር አራተኛውን ዕለት ያመለክታል፤ ሮብም ይኸው ቃል በአማርኛ አነጋገር ተለውጦ ነው። የከተማዪቱ ስም እንግዲህ በመሠረቱ የተራ ቍጥር ያዘለ ነው። የሳምንቱ ተራ ስለማይለዋወጥ አገሬው አይሳሳትበትም፤ ከአካባቢው የራቀ ሰው ግን በእንዲህ ያለ ስም ይቸገራል። ሮቢት የሚባል ስፍራ በሰሜን ሸዋም፣ በቆቦ አጠገብም፣ በባሕር ዳር ዙሪያም አለና፣ ተናጋሪው «ሸዋ ሮቢት»፣ «ቆቦ ሮቢት» እያለ ማጣራት ግድ ይሆንበታል።

ይህን ማንሣታችን የኮምፒዩተር ዲስኮች አሰያየምም በተመሳሳይ መንገድ ሄዶ እዚሁ ችግር ላይ ስለ ደረሰ ነው። ያላሰበው ሮቢት የወረደ መንገደኛ በማግሥቱ ይመለሳል፤ በስም መምታታት የተደመሰሰ ዲስክ የያዘው ጽሑፍ ግን ብዙውን ጊዜ አይመለስም። መመሪያውን የተረጐመው ሰውም ከዚህ ጥፋት ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

ዲስክን በፊደል መጥራት በትንንሾቹ ኮምፒዩተሮች ዘንድ የተስፋፋው ጋሪ ኪልዶል እ.ኤ.አ. በ1974 ባዘጋጀው በሲፒኤም አማካይነት ነው። በ1981 የወጣው ኤምኤስ ዶስ ይህንኑ ወረሰ። «ኤ»ና «ቢ» ለፍሎፒ ዲስኮች ተሰጡ፤ በ1983 አይቢኤም 10 ሜጋ ባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ያለውን ፒሲ ኤክስቲ ሲያወጣ፣ ዲስኩ ሦስተኛውን ፊደል «ሲ»ን ያዘ። ፍሎፒ ከቀረ ወዲህም በዊንዶውስ «ሲ» እንደ ጸና ነው፤ አንደኛና ሁለተኛ የሌለው ሦስተኛ። ለቋንቋ ተመራማሪ እንዲህ ያለው ቅሪት እንግዳ አይደለም።

በ1991 በተጀመረው ሊኑክስ የቀድሞዎቹ ስሞች፣ «ኤችዲኤ»ና «ኤችዲቢ»፣ ዲስኩ የተሰካበትን ገመድና ቦታ የሚናገሩ ነበሩ፤ ቦታው ካልተነካ ስሙም አይነካም። «ኤስዲኤ»ና «ኤስዲቢ» ግን ማሽኑ ዲስኮቹን ያገኘበትን ቅደም ተከተል ይከተላሉ። ዛሬ «ኤስዲኤ» የተባለው፣ ነገ ፍላሽ እንደ ተሰካ ማሽኑ ቢነሣ፣ «ኤስዲቢ» ሊሆን ይችላል። ይህም የሳምንቱ ዕለታት በየማለዳው እንደ አዲስ ቢቈጠሩ እንደ ማለት ነው። «ዲዲ» የተባለው የመቅጃ ትእዛዝ ደግሞ የተሰጠውን ስም «እርግጥ ይህ ነውን?» ብሎ ሳይጠይቅ ተቀብሎ በዲስኩ ላይ ይጽፍበታል።

ከዚህ የተነሣ ከተራ ውጭ የሆነ መለያ ተፈለገ። ዲስኩ ለአገልግሎት ሲሰናዳ የሚጻፍበት 128 ቢት ርዝመት ያለው መለያ አንዱ ነው። ይህ መለያ የማሽኑ አነሣሥ አይለውጠውም፤ ነገር ግን ዲስኩ እንዳለ ወደ ሌላ ሲገለበጥ መለያውም አብሮ ይገለበጣል። የብራና ጽሑፍ ያጠና ሰው ጠባዩን ያውቀዋል፤ ጸሓፊው የናሙናውን መደምደሚያ ከነዘመኑ ሲቀዳ፣ ግልባጩ የእናቱን ዕድሜ ይዞ ይገኛል። የማይገለበጠው ፋብሪካው የሰጠው ቍጥር ነው። በዲስኩ ገላ ላይ ታትሟል፤ በኮምፒዩተሩም ይነበባል። ሁለቱን ማስተያየት ከሁሉ የሚታመነው መንገድ ሲሆን፣ በዩኤስቢ ማቀፊያ የገባ ዲስክ ግን አንዳንዴ የማቀፊያውን ቍጥር ስለሚያሳይ፣ ሌሎቹን ነቅሎ ዝርዝሩን ከመሰካቱ በፊትና በኋላ ማየት ይሻላል። በመጠን ብቻ መለየት አያስተማምንም። 500 ጊጋ ባይት ተብሎ የተሸጠው በዊንዶውስ 465 ሆኖ ይታያል፤ ሻጩ በሺህ፣ ማሽኑ በ1024 ያባዛልና።

ተርጓሚው እነዚህን ሁሉ «ስም» ብሎ ሲያልፋቸው፣ አንባቢው የሚለዋወጠውን ከማይለዋወጠው የሚለይበት ነገር ያጣል። በእኛ አስተያየት ማሽኑ በቅደም ተከተል የሚሰጠው «ተራ»፣ ባለቤቱ የሚያወጣለት «መጠሪያ»፣ ሲሰናዳ የሚጻፍበት «መለያ» ቢባሉ ይበጃል። «ተራ ስም» ማለት ግን አይገባም፤ ሰሚው ዝቅ ያለ ስም አድርጎ ይወስደዋል። የፋብሪካውን ቍጥር «ተከታታይ ቍጥር» ማለት በእጅጉ ተለምዷል። ሆኖም ቃሉ መከታተልን፣ ማለትም ያንኑ ልንሸሸው የፈለግነውን ተራ፣ ስለሚያሳስብ «የፋብሪካ ቍጥር» እንመርጣለን። ሹፌር የሰሌዳ ቍጥርና የሻንሲ ቍጥር ልዩ መሆናቸውን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል፤ ሰሌዳ ይቀየራል፣ ሻንሲ ከመኪናው ጋር ይኖራል። ማስረጃ ሲያስፈልግ መመሪያው ይህን ቢጠቅስ ከረጅም ሐተታ ይበልጣል።

«ድራይቭ» ስለሚለው ቃል ጥቂት እንጨምር። ቃሉ የመጣው ዲስኩን ከሚያሽከረክረው መሣሪያ ነበር፤ በዛሬዎቹ ኤስኤስዲዎች የሚሽከረከር ነገር የለም፤ ክብ ዲስክም የለም። ትርጉሙን ተከትሎ አዲስ ቃል መፍጠር የቀረውን ሽክርክሪት መልሶ ማምጣት ይሆናል። ሃርድ ዲስክና ፍላሽ በሕዝቡ አፍ ስለ ገቡ እንዳሉ ቢቈዩ መልካም ነው።