ሳይሳብ የዋለው ዛብ

አንደበቱን መግታት ለተሳነው ሰው «ልጓም የለውም» እንላለን። ልጓም በእኛ አነጋገር የመገታት ምልክት ነው። የፈረስ ግልቢያን ወደ ጥበብ ያደረሱ ሰዎች ግን ልጓም ከመግቻነቱ ይልቅ መነጋገሪያ መሆኑን የተረዱት ከብዙ ዘመን ስሕተት በኋላ ነው።

የሶቅራጥስ ደቀ መዝሙር የነበረው ጸሐፊና ወታደር ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ፣ ፈረሰኛ ሁለት ልጓም እንዲኖረው ይመክራል፤ አንዱ ለስላሳ፣ ሌላው ሻካራ። ሻካራውን የቀመሰ ፈረስ ለስላሳውን ይወድደዋልና። ነገር ግን በጅራፍ የሚገረፍ ጨፋሪ ውበት እንደማይኖረው ሁሉ፣ የተገደደ ፈረስም ውበት እንደሌለው አስተምሯል።

ይህ ትምህርት በየዘመኑ አድማጭ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1550 በኔፕልስ የታተመው የፌዴሪኮ ግሪሶኔ መጽሐፍ ልዩ ልዩ ልጓሞችን በሥዕል ሲያሳይ፣ ለእምቢተኛ ፈረስ የሚሰጠውንም ብርቱ ቅጣት ይዘረዝራል። የፈረንሳዩን ንጉሥ ሉዊ 13ኛን ግልቢያ ያስተማረው አንቷን ደ ፕሉቪኔል ግን ገርነትን መረጠ። በ1733 መጽሐፉን ያወጣው ፍራንሷ ሮቢሾን ደ ላ ጌሪንዬርም ፈረሱ በታዘዘ ጊዜ ፈረሰኛው እጁን ዝቅ አድርጎ ዛቡን እንዲያላላለት ጻፈ። ሽልማቱ ነፃነት ሆነ ማለት ነው። የቪየናው የስፓኝ ግልቢያ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ የሚመራው በዚህ ሰው መርሕ ነው።

ድሬሳዥ በሚባለው ጥበብ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ሁለት ልጓሞች በአንድ አፍ ውስጥ ይገናኛሉ። ከላይ የሚውለው ቀጭኑ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ግን በግራና በቀኝ ዘንግ፣ ከአገጭ በታችም ሰንሰለት አለው። ዛቡ ሲሳብ ዘንጉ እንደ ማንሻ እየሠራ መንጋጋን፣ አገጭንና ማጅራትን ይጫናል። ትንሽ ስበት ብዙ ኃይል ይሆናል። ስለዚህ አራቱ ዛቦች እኩል አይሳቡም። የዘወትሩ ንግግር በቀጭኑ ዛብ ይከናወናል፤ የብርቱው ልጓም ዛብ ላላ ብሎ ይቆያል፤ ሲያስፈልግም በጣት ጥቂት ብቻ ይነካል። በቀጭኑ ልጓም መግባባት ያልተማረ ፈረስ ሁለቱን አይጎርስም።

አንባቢ ሆይ፣ ስሕተቱ ውበት መስሎ መታየቱ ነው አደጋው። ብርቱው ዛብ ያለ ልክ ሲሳብ ፈረሱ አንገቱን ቀስት አድርጎ አገጩን ወደ ደረቱ ይሰበስባል። ከሩቅ ያየው ተመልካች ያጨበጭባል። ቀርቦ ያየ ግን የተከፈተ አፍና የደነደነ ጀርባ ያገኛል። ፈረሱ ከሕመም ሸሸ እንጂ አልታዘዘም።

ጥንድ ልጓም ያጎረሰ ፈረሰኛ የማሳመም ሥልጣን በጣቶቹ መካከል ይዟል። በዜኖፎን ዘመን የተጠየቀው ጥያቄ ዛሬም የሚቀርበው ለእርሱ ነው፤ መልሱንም የሚሰጠው ሳይስበው የዋለው ዛብ ነው።