ባለ ጀነሬተር የኤሌክትሪክ መኪና

ባለ ጀነሬተር የኤሌክትሪክ መኪና ጎማውን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ሆኖ፣ ባትሪው ሲደክም ኃይል የሚያመነጭለት አነስተኛ የቤንዚን ሞተር የተገጠመለት ተሽከርካሪ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ፈርዲናንድ ፖርሸ በ1900 እ.ኤ.አ. በዚህ ዘዴ የሚሄድ መኪና ሠርቶ ነበር።

የዲዛይነሩ ዋና ፈተና ባትሪውንና ጀነሬተሩን ማመጣጠን ነው። ትልቅ ባትሪ ዋጋና ክብደት ይጨምራል፤ ትንሽ ባትሪ ጀነሬተሩን ቶሎ ቶሎ ያስነሳል። ቢኤምደብሊው ለአይ3 የመረጠው ባለ 647 ሲሲ ሞተርና 9 ሊትር የሚይዝ ሰልባትዮ ብቻ ነበር፤ ይህም ሆኖ መኪናው በ120 ኪሎ ግራም ገደማ ከበደ። የማዝዳው ኤምኤክስ-30 በአንጻሩ 17.8 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከ50 ሊትር ሰልባትዮ ጋር ይዟል። ቤንዚን ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ ጎማ እስኪደርስ በየደረጃው የሚባክን ኃይል አለ። የመጀመሪያው ሼቭሮሌት ቮልት በከፍተኛ ፍጥነት ሲጓዝ ሞተሩን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ይህን ብክነት ለመቀነስ ነው።

ደጋ ላይ ሒሳቡ ይለወጣል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ ይብስበታል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም። ከነተሳፋሪው 1,700 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 8 በመቶ ዳገት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲወጣ 27 ኪሎዋት ገደማ ይጠይቃል። ባሕር ጠረፍ ላይ 28 ኪሎዋት የሚሰጥ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ወደ 22 ስለሚወርድ፣ ጉድለቱን የሚሸፍነው ባትሪው ነው።

ከአዲስ አበባው ሲ.ኤም.ሲ በአያትና በለገጣፎ ወጥቶ በደሴ መንገድ የሚጓዝ ሰው ይህን የሚያየው ሲመለስ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ከዳገቱ ጫፍ ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ዳገቱን ለመውጣት ብቻ፣ የጎማና የነፋስ ግጭት ሳይቆጠር፣ ወደ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ባትሪው ባዶ ሆኖ ሸዋ ሮቢት የደረሰ መኪና ጀነሬተሩ እየጮኸም ቢሆን ያዘግማል። ቮልት ለዚህ ሲል ከዳገት በፊት ባትሪውን የሚያጠራቅም የተራራ ማዘዣ ነበረው። አሜሪካ የተሸጠው አይ3 ግን፣ የካሊፎርኒያን ደንብ ለማሟላት ሲባል፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ብቻ ጀነሬተሩን ያስነሳ ስለነበር ረጅም ዳገት ላይ ይደክም ነበር። ለኢትዮጵያ መንገድ የቮልት ማዘዣ ቅንጦት ሊባል አይችልም።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ቤት ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ተለምዷል። ከሲ.ኤም.ሲ መገናኛ ለሚመላለስ ሰው ጀነሬተሩ ለወራት ላይነሳ ይችላል፤ ቤንዚን ደግሞ ሲቆይ ይበላሻል። ቮልት ሰልባትዮው ታሽጎ የተሠራውና ቤንዚኑ ዓመት ገደማ ሲሞላው ሞተሩን በራሱ አስነስቶ የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው።