ቁልፉ የማን ነው? ከአያና ብሩ ብረት እስከ ፈርምዌር

ሜካኒካል ኪቦርድ የሚወዱ ወጣቶች ፋብሪካው የጫነበትን ፈርምዌር አንስተው የራሳቸውን ይጭኑበታል። ስልክ ጠጋኞቻችን «ፍላሽ ማድረግ» የሚሉት ነው። ሥራው አዲስ ይመስላል እንጂ ለእኛ አዲስ አይደለም። አማርኛ ጸሐፊ በሌላ ፊደል የተሠራን መሣሪያ ለራሱ ፊደል ማስገዛት ከጀመረ ዘጠና ዓመት አልፎታል።

የመጀመሪያው «ፍላሽ» በብረት ላይ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የእንግሊዝኛ ታይፕራይተር ወስደው አማርኛ እንዲጽፍ አደረጉት። ችግሩን አስቡት፤ መሣሪያው ያለው ከ40 ብዙም የማይበልጡ ቁልፎች ናቸው፤ ፊደላችን ግን ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ 33 ጊዜ ሰባት፣ 231 ነው። መፍትሔው ፊደሉን መገጣጠም ሆነ፤ ግንዱ ለብቻ፣ እግሩና ቀለበቱ ለብቻ ይመታል። ቢሮዎቻችን ለአሥርት ዓመታት የሠሩት በዚህ ዘዴ ነው።

ዋጋ ግን ተከፍሎበታል። የፊደሉ መልክ ተጣመመ። ከዚያም የባሰው፣ መሣሪያው ለፊደሉ ይስተካከል ከማለት ይልቅ ፊደሉ ለመሣሪያው ይቀነስ የሚል ክርክር ተነሣ።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮምፒውተር ሲመጣ እነ ዶ/ር አበራ ሞላና አቶ ፍስሐ አጥላው በውጭ አገር ሆነው ግዕዝን ኮምፒውተር ላይ አስገቡ። አገር ውስጥም ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ቢሮውን ሞሉት። ነገር ግን ፕሮግራሞቹ ለፊደሉ የሰጡት ቁጥር የተለያየ ነበር። የቀወት ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሸዋ ሮቢት ላይ የጻፈው ደብዳቤ ደብረ ብርሃን ዞኑ ዘንድ ሲደርስ፣ ያው ፕሮግራም ከሌለ የሚታየው የተዘበራረቀ ምልክት ብቻ ነው። ወረቀቱ ካልታተመ በቀር ቃሉ የለም ማለት ነው።

ይህን የፈታው ዩኒኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው እትም ለግዕዝ ፊደል የጋራ ቁጥር ሰጠ። በ2005 ደግሞ እንደ ሰባት ቤት ጉራጌ፣ ብሊንና መኤን ላሉ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተውን ልብ በሉ። ኪቦርድ ፊደል አይልክም፤ የቁልፍ ቁጥር ነው የሚልከው። የእንግሊዝኛው «ኤ» ያለበት ቁልፍ ሲነካ የሚሄደው 4 ቁጥር ነው። «አ» ይሁን «ኤ» የሚወስነው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የአጻጻፍ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ እንደ ኪው.ኤም.ኬ ያለ ነፃ ፈርምዌር ጭናችሁ አንድ ቁልፍ ሁለት ምት በተከታታይ እንዲልክ ብታደርጉ ጣታችሁ ያርፋል፤ «ሳ»ን በአንድ ምት ትጽፋላችሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የአማርኛ አጻጻፍ ካልተጫነ ግን ያው የላቲን ፊደል ነው የሚወጣው።

ቁም ነገሩም ይኸው ነው። ቁጥሩ ተስማምቷል፤ የቁልፉ አቀማመጥ ግን እስካሁን በየፕሮግራሙ ይለያያል። በአንዱ የሠለጠነች ጸሐፊ ሌላው ፊት ስትቀመጥ እንደ አዲስ ትማራለች። ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የሚያጽፍ ገበሬ የሚከፍለው ለዚያ ዝግመት ጭምር ነው። ልጆቻችን ደግሞ መፈለጉ ሰልችቷቸው አማርኛን በላቲን ይጽፋሉ።

አያና ብሩ ብረት መቀየር ነበረባቸው። ዛሬ የሚቀየረው ጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ ማንም ወጣት ቤቱ ተቀምጦ ይሠራዋል። የቀረው አንድ አቀማመጥ ላይ ተስማምቶ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት እንዲይዘው ማድረግ ነው። ይህን ደግሞ ፍላሽ አድርጎ የሚጭንልን የውጭ ፋብሪካ የለም።